በበጋ ቦዩ ውስጥ የሚሄደው ውሃ የማን ነው?

ሰሞኑን በሐዋሳ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ሐይቃችንን ፋብሪካ በላው» ይላል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰዎች ልከውልኛል። ሦስቱ ደንበኞቼ ናቸው፣ አንዷ የልጄ መምህርት፣ አምስተኛው ደግሞ ለዓመታት አብሮኝ ቱቦ የዘረጋ ባልደረባዬ ነው። እርሱ ከጽሑፉ ሥር «አየህ? እኛ ነፃ ወጣን!» የሚል ቃል ጨምሮበታል። ብዕር ያስነሣችኝ ይህች ቃል ናት።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ሐይቁን እንደሚወዱት ግን ከየመስመሩ ያስታውቃል፤ አማርኛቸውም ያማረ ነው። ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጠው። ፍሳሽ ቆሻሻ ማለት ኬሚካል ያለበት የፋብሪካ ውሃ ነው፣ የነዋሪው ድርሻ «ከቁጥር የሚገባ አይደለም» ይላሉ። የልብስና የዕቃ እጣቢ ሳሙና የነካው ውሃ እንጂ ፍሳሽ አይባልም። ሽንት ቤት በየግቢው ስለተቆፈረ አፈሩ ያጣራዋል። ሐይቁም ሰፊ ስለሆነ፣ ወንዝም ስለሚገባበት፣ ከየቤቱ የሚደርሰውን ጥቂት ነገር «አቅልጦ ይጨርሰዋል»። በመጨረሻም ፍሳሽን ማጣራት የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ለእኛ ፋብሪካዎቹን መዝጋት ይበቃናል።

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። በዚህ ከተማ ብዙ ግቢዎችን ከላይ ከሚታየው ገጽታቸው ይልቅ በመሬት ውስጥ ባለው ቱቧቸው ነው የማውቃቸው። ስለዚህ ክርክሩን ከቱቦው ልጀምር።

ባለፈው ጥር፣ ለሳምንታት ጠብታ ዝናብ ባልወረደበት ወቅት፣ ሥራ ሰርዘውብኝ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሆንኩ። አንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተከትዬ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ በእግሬ ወረድኩ። ቦዩ ስሙ የጎርፍ ነው፤ ጎርፍ ከሌለ ደረቅ መሆን ነበረበት። ግን አልደረቀም። ከታች ጠቆር ያለ ውሃ፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት ቢሆን ነው፣ እያዘገመ ይሄዳል። ከላዩ አረፋ፣ የሻይ ቅጠል፣ የሩዝ ፍሬ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የተደፋ ሊጥ ነጭ መስመር ሠርቶበታል። በግራና በቀኝ ከየአጥሩ ሥር የፒቪሲ ቱቦ አፍ ወደ ቦዩ ይመለከታል። መቁጠር ጀምሬ አሥር ስደርስ ተውኩት። በዚያ መንገድ ላይ አንድም ፋብሪካ የለም። መኖሪያ ቤቶች፣ ሁለት ጸጉር ቤት፣ አንድ ሥጋ ቤት፣ ባጃጅ የሚታጠብበት አንድ ጥግ ብቻ።

የመጀመሪያው ነጥብ ለእኔ እዚያ ላይ ተፈታ። በበጋ በቦይ ውስጥ የሚሄድ ውሃ ከሰማይ አልመጣም፤ ከቧንቧ መጥቶ፣ በሰው እጅ አልፎ፣ ባሕርዩ ተለውጦ የወጣ ውሃ ነው። ፍሳሽ ማለትም ይኸው ነው። ከወጥ ቤት፣ ከሻወር፣ ከሽንት ቤት፣ ከሆቴል፣ ከሆስፒታል፣ ከጋራዥ፣ ከቄራ፣ አዎ ከፋብሪካም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ራሱ የመንገዱን ዘይት፣ የከብቱን እበት፣ የሜዳውን ሁሉ አጥቦ ሲወርድ እርሱም ከዚያው ጎራ ይገባል። የተለመደ የከተማ ፍሳሽ ከመቶው 99.9 እጅ ውሃ ነው። ከአንድ ሊትር ውስጥ ችግር የሚፈጥረው አንድ ግራም ያህል ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ «የእኔ ውሃ እኮ ብዙም አልቆሸሸም» የሚል ሰው ውሸት አልተናገረም፤ ፍሳሽ ሁሉ ሲያዩት ብዙም የቆሸሸ አይመስልም።

ጸሐፊው «ኬሚካል ከሌለበት አይበክልም» የሚለውን ሐሳብ ሳይጽፉት ይዘውታል። ለዚህ ከዚሁ ከሲዳማ የተሻለ መልስ የሚሰጥ ቦታ አይገኝም። ቡና በሚታጠብበት ወራት ወደ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ብቅ ይበሉ። ከቀይ እሸት ቡና የሚወጣው ልፋጭ ስኳር ነው እንጂ መርዝ አይደለም፤ ልጆች እሸቱን ይመጥጡታል። ያ ጣፋጭ ነገር በውሃ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ ግን ይቦካል፣ ይኮመጥጣል፣ የወንዙን ኦክስጅን ጠጥቶ ይጨርሳል፤ ከታች ያለው ሰውም ከብቱን ማጠጣት ይቸግረዋል። አንዲት ጠብታ የፋብሪካ ቀለም ሳይጨመርበት።

ሕጉም ቢሆን ፋብሪካን ለብቻው ነጥሎ አልያዘም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው ደረጃውን ጥሶ አካባቢን እንዳይበክል ሲከለክል «ሰው» የሚለው ድርጅትንም ግለሰብንም ነው። እኔንም፣ ደንበኞቼንም ማለት ነው።

አሁን ለጸሐፊው የሚገባቸውን ልስጥ፤ ከፋብሪካ ላይ ዓይን መነሣት የለበትም። የጨርቅ ማቅለሚያ ውሃ ከቤት ፍሳሽ የተለየ ጠባይ አለው፤ ጨውና ቀለም ይበዛበታል፣ ባክቴሪያ እንደ ቤት ፍሳሽ በቀላሉ አይበላውም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሲመረቅ ፍሳሹን ወደ ውጭ እንዳይለቅ፣ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተብሎ ነው የታነጸው። ይህ አሠራር ተአምር እንዳልሆነም ልጨምርላቸው፤ ውሃው ሲመለስ ጨውና ዝቃጩ በጠጣር መልክ ይቀራል፣ እርሱም የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚለካው መጠየቅ የከተማው ሰው መብት ነው። ጸሐፊው ይህን ቢጠይቁ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

ግን አንድ ነገር ረሱ። ፍሳሽ እንዳይለቅ የታነጸው የፓርኩ ግቢ ብቻ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ማታ ከዚያ በር ይወጣሉ፤ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ተጋርተው ወደተከራዩት ክፍል ይገባሉ፣ ይታጠባሉ፣ ያበስላሉ። ለአንድ ቤተሰብ ተብሎ የተቆፈረ የሽንት ቤት ጉድጓድ ዛሬ የአንድ ረድፍ ኪራይ ቤት ሁሉ ይወርድበታል። ጸሐፊው የፋብሪካውን ፍሳሽ ከፈለጉ በአከራዮች ጓሮም ይፈልጉት።

ወደ እጣቢው ልለፍ። ባለሙያዎች ከሽንት ቤት የሚወጣውን «ጥቁር ውሃ»፣ ከሻወርና ከወጥ ቤት የሚወጣውን «ግራጫ ውሃ» ይሉታል። (የእኛ ሰው «ጥቁር ውሃ» ሲል ወደ ሐይቁ የሚገባውን ወንዝ ነው። ባለሙያ መጥቶ ስብሰባ ላይ «ጥቁር ውሃን መቆጣጠር ያስፈልጋል» ሲል ግማሹ ሰው ወንዙን ነው የሚያስበው።) ግራጫው ከአንድ ቤት ከሚወጣው ውሃ ከግማሽ በላይ ነው። የበሽታ ተሕዋስያኑ ከጥቁሩ ያንሳል፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። እኔም ደንበኞቼን የልብስ እጣቢ ሙዝ ሥር ቢያፈሱት ክፋት የለውም እላለሁ። ያንሳል ማለት ግን የለበትም ማለት አይደለም። የሕፃን ጨርቅ የት ይታጠባል? ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት መክተፊያስ?

አንድ ጊዜ የታፈነ የምግብ ቤት ቱቦ ለመክፈት ሄጄ ፖዜቶውን (የፍሳሽ ቱቦ የሚገናኝበትን ሳጥን) ስከፍት ውስጡ ነጭ ሻማ የፈሰሰበት ይመስል ነበር። በቢላ ቆረጥኩት። ዘይት፣ ቅቤና ሳሙና ተጋግሮ የእጄን ስፋት ያህል ወፍሯል። ባለቤቱ «እኛ እኮ ዕቃ ብቻ ነው የምናጥበው» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ያ ነገር ቱቦ ውስጥ ባይረጋ ቦይ ይገባ ነበር። ቦይ ውስጥ ደግሞ ግራጫ ሆኖ አይቆይም። ቆሞ ከዋለ ካደረ በውስጡ ያለው ባክቴሪያ ኦክስጅኑን ይጨርሰውና ይጠቁራል፣ ይሸታል። በማግሥቱ የመጣ ሰው ከሽንት ቤት ነው የወጣው ብሎ ቢምል አልፈርድበትም።

ሦስተኛው፣ «አፈር ያጣራዋል» የሚለው፣ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው። አፈር ያጣራል። ደረቅና አየር ያለው አፈር ባክቴሪያን ይዞ ያስቀራል፤ ለዚህም ነው ማስረጊያ ጉድጓድ የሚባል ነገር የተፈጠረው። ነገር ግን ሥራውን የሚሠራው በጉድጓዱ ወለልና በከርሰ ምድር ውሃው መካከል ያለው ደረቅ አፈር ነው። ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እንዲኖር፣ ከውሃ ጉድጓድም 30 ሜትር እንዲርቅ ይመከራል። በሐይቁ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች ይህን ማግኘት ከባድ ነው። አንድ ጊዜ ለሽንት ቤት ሲቆፈር ቆሜ አይቻለሁ። ቆፋሪው ወገቡን አልፎ ትከሻው ላይ ሲደርስ አካፋው «ጯ» አለ። ውሃ። ባለቤቱ ተደሰቱ፤ «ይሰርጋል ማለት ነው!» አሉ። ልጁ ከጉድጓዱ ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ናይትሬት የሚባለውን ደግሞ ደረቅ አፈርም አይዘውም። ከሽንት የሚመነጨው ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ተለውጦ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ከጓሮ ጉድጓድ በተቀዳ ውሃ የሕፃን ወተት የሚበጠብጡ እናቶች ላሉበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ናይትሬት የበዛበት ውሃ የጨቅላን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ብታፈላውም አይጠፋም።

ሰው «የእኔ ጉድጓድ አሥር ዓመት ሞልቶ አያውቅም» ብሎ ሲመካብኝ የምፈራው ለዚህ ነው። የሚሞላ ጉድጓድ ቢያንስ ይናገራል፤ መጣጭ መኪና ይጠራለታል። የማይሞላው ወዴት ነው የሚሄደው?

የሚሞላውም ቢሆን ጉዱ ብዙ ነው። እዚህ ላይ ስለራሴ የምናገረው አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አከራይ ጠሩኝ። ጉድጓዳቸው ቶሎ ቶሎ እየሞላ በየጊዜው ማስመጠጥ አስመርሯቸዋል። «ከአፉ ዝቅ ብለህ አንድ ቱቦ አውጣልኝ፣ ከአጥሩ ሥር ወደ ቦዩ አገናኘው፣ ሲተርፍ ይሂድ» አሉኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ የቤት ኪራይ ወር ደርሶብኝ ነበር። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ሥራው ንጹሕ ነበር፣ ቁልቁለቱን እንኳን በውሃ ልክ አስተካክያለሁ። ባለፈው ጥር በቦዩ ዳር ስሄድ ከቆጠርኳቸው አፎች አንዱ ያ ቱቦ ነበር። ባልደረባዬ «ነፃ ወጣን» ሲለኝ ያልወጣሁት በእርሱ ነው።

ወደ ሐይቁ እንምጣ። «ሰፊ ነው፣ አቅልጦ ይጨርሰዋል»። ስፋቱን አልክድም፤ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ ጥልቁ ቦታ ከ20 ሜትር ያልፋል። ማዕበሉና ነፋሱም ኦክስጅን ይመልሱለታል። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በሐዋሳ ከፍታና ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ በውስጡ የሚይዘው ኦክስጅን 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። የአንድ ሰው የአንድ ቀን ፍሳሽ እስኪበሰብስ ድረስ ከ40 እስከ 60 ግራም ኦክስጅን ይፈጃል። ለጸሐፊው አድልተን 40 እንበል። 40 ግራም ለ7 ሚሊግራም ሲካፈል 5,700 ሊትር ያህል ይመጣል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ቢሆን ሦስት ሮቶ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህን ያህል ንጹሕ የሐይቅ ውሃ ያለ ኦክስጅን የሚያስቀር ፍሳሽ ነው ከአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን የሚወጣው። አሥር ሰው ያለበትን ግቢ አንባቢ ራሱ ያባዛው።

ጸሐፊው «ሐይቁ እኮ ከሮቶ ይበልጣል» ሊሉኝ ይችላሉ፣ ልክ ነው። ቦዩ ግን ፍሳሹን ወስዶ ሐይቁ መሐል አይበትነውም። ዳር ላይ ነው የሚያፈስሰው። ዳር ደግሞ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንቁላል የሚጥልበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ ልጆች የሚዋኙበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ነው። በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ላይ፣ ጥሬ ዓሣ በሚጥሚጣ የሚያዝ ሰው የሐይቁን አማካይ ስፋት አይበላም፤ የሚበላው ዳር ላይ የታጠበ ዓሣ ነው።

«ወንዝ ይገባበታል» ያሉት ግን አስገርሞኛል። አዎ፣ ጥቁር ውሃ ይገባበታል። በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝስ የቱ ነው? የለም። የሐዋሳ ሐይቅ የሚቀንሰው በትነትና ከመሬት ሥር በሚሰርገው ነው። ውሃ ሲተን በፍሳሹ የመጣውን ፎስፈረስ፣ ተክል የሚያሳድገውን ንጥረ ነገር፣ ይዞት አይበርርም። እዚያው ይቀራል፣ ደለሉ ውስጥ ይተኛል፣ አልጌ ያበቅላል። አልጌ ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን ራሱም ይተነፍሳል፣ ሲሞትም ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። ከጥቁር ውሃ በላይ ያለው የጨለለቃ ረግረግ ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ደለል ይዞ የሚያስቀርልን ወንፊት ነው፣ እርሱም እየተበላ ነው።

«የሚፈስ ውሃ ራሱን ያጠራል» የሚለውንም አባባል ጠቅሰዋል። የለንደኑ የቴምዝ ወንዝ ይፈስሳል፣ ባሕርም ይገባል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1858 በጋ ወንዙ የለንደን ሰው መተንፈስ እስኪያቅተው ድረስ ገማ፤ የፓርላማውን መጋረጃ በኖራ ውህድ እየነከሩ ሰቀሉት። የዚያ ሽታ ትልቁ ምንጭ የቤት ሽንት ቤት ነበር፤ በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት በየቤቱ ሲገባ ቆሻሻው ሁሉ ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ ወንዙ ዞረ። ወደ ባሕር የሚወጣ ወንዝ ያልቻለውን፣ መውጫ የሌለው ሐይቅ ይችለዋል ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ አያቆመኝም። ቱቦ በየመንገዱ ዘርግቶ ከተማን ሙሉ ወደ አንድ ማጣሪያ ማገናኘት ውድ ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርም፣ የቱቦ ዋጋ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅንጦት የሚለው ቃል ግን አይገጥምም። ናሚቢያ ሀብታም አይደለችም፤ ዋና ከተማዋ ዊንድሁክ ፍሳሽዋን እስከ መጠጥ ውሃ ድረስ አጣርታ መጠቀም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ሌላ ውሃ ስላልነበራት። ፍሳሽን በሰፊ ኩሬዎች አሳልፎ በፀሐይ፣ በአልጌና በባክቴሪያ ማጣራትም ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ የአዲስ አበባው የቃሊቲ ማጣሪያም መጀመሪያ የተሠራው በኩሬ ነው። ሐዋሳ ፀሐይ አላጣችም። ደግሞ ከቤት በሚወጣ ፍሳሽ ውስጥ ካለው ናይትሮጅን አብዛኛው፣ ከፎስፈረሱም ግማሽ ያህሉ ከሽንት ነው የሚመጣው። ገበሬው በከረጢት የሚገዛውን ነገር እኛ በነፃ ሐይቅ ውስጥ እንደፋለን።

ፋብሪካው ቢዘጋስ? ልጆቹ ሥራ ያጣሉ፤ ቦዩ ግን አሁንም ይሄዳል። በማግሥቱ በቦዩ ዳር መሄድ ነው፤ ሩዙም፣ ሊጡም፣ አረፋውም እዚያው ነው።

እነዚያን አከራይ በዚህ ሳምንት ደወልኩላቸው። መጀመሪያ አላስታወሱኝም። ቱቦውን ስነግራቸው ሳቁ፤ «እኔ እኮ ጽሑፉን ለዘመድ ሁሉ ልኬዋለሁ» አሉኝ። የማስመጠጫውን ዋጋ አነሣን፣ ተከራከርን፣ ከተከራዮቹ ጋር ለመከፋፈል ተስማሙ። የእጅ ዋጋዬን አልቀበልም አልኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት መጣጭ መኪናው ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የቱቦ ክዳንና ማጣበቂያ ይዤ እሄዳለሁ። ጸሐፊው ሐዋሳ ካሉ ይምጡ፤ አንድ ጥንድ ቦት ጫማ ትርፍ አለኝ።